የተገለበጠው መርፌ

ያሰሩኝ ስሜ ስለገነነ ነው። ጣሊያን አገሩን በያዘ በሁለተኛው ክረምት፣ ቡኢ ውስጥ አንድ ነጋዴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ የኮርቻ መስፊያ መኪና ፈታትቼ በጋዝ እያጠብኩ ነበር። ሁለት ባንዶች ከመንገዱ ወጥተው ወደ እኔ መጡ። አንደኛው ጠመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ፣

«መኪና ጠጋኙ አንተ ነህ?» አለኝ።

«ጠጋኝ አይደለሁም» አልኩት። «ጠጋኝ ሱሪ ነው የሚጠግነው። እኔ የቆዳ መኪና ሐኪም ነኝ። ከሶዶ እስከ እነሞር ብትጠይቅ ከእኔ ሌላ አታገኝም።»

ወደ ጓደኛው ዞረና «እሱ ነው» አለ።

እጄን የኋሊት በጠፍር አሰሩኝ። ጠፍሩ በደንብ ያልለፋ ጥሬ ቆዳ ነበር። ዝናብ ሲመታው ይላላል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ሥጋዬ ውስጥ ይገባል። ቡታጅራ እስክንደርስ ባንዶቹን አንድም ቃል አልተናገርኳቸውም፤ ያን ጠፍር ያለፋውን ሰው ግን መንገዱን ሙሉ በሆዴ ስሰድበው ሄድኩ።

አንባቢዬ ማን እንደሆንኩ ይወቅ። እኔን ያስተማረኝ ሰው የለም። በጎረምሳነቴ አዲስ አበባ አንድ አርመን ኮርቻ ሰሪ ቤት ወለል ጠራጊ ሆኜ ገባሁ። አርመኑ መኪናዎቹን ማንም እንዲነካበት አይወድም ነበር። እኔም አልነካሁም። እየጠረግኩ አዳመጥኩ። የቆዳ መኪና ሲታመም ከመቆሙ በፊት ድምፁ ይለወጣል፤ ያን ለመስማት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። አርመኑ አንድ ቀን የታመመች መኪና ይዞ ሲቸገር፣ በመጥረጊያዬ እጀታ የላላውን ብሎን አሳየሁት። ከዚያ ወዲያ መጥረጊያውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ መኪናዎቹን ለእኔ ተወልኝ። ዘመዶቼ ሶዶ ላይ ይህን ሲሰሙ አዘኑ። በእኛ አገር ቆዳ የሚነካ ሰው ማዕድ ላይ አይፈለግም። ጨርቅ ቢሆን ይሻል ነበር አሉኝ። እኔ ግን ጨርቅ ማንም ይሰፋዋል አልኳቸው።

የታሰርንበት ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው ከቆርቆሮውና ከግድግዳው መገናኛ ላይ ባለች ስንጥቅ ብቻ ነው። ወለሉ ላይ የተነጠፈው የእንሰት ቅጠል በስብሶና ረጥቦ፣ ሲረግጡት እንደ ጭቃ ይንሸራተታል። ከዘቢዳር ተራራ የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ገብቶ ቁርጭምጭሚት ይይዛል። መጀመሪያ የገባሁ ጊዜ ያየሁት ሰው ሳይሆን ዓይን ነው፤ ግድግዳውን ተጠግተው የተቀመጡ ሰዎች ዓይን። ከመካከላችን አንዱ ለጣሊያን ጆሮ እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ማን እንደሆነ ግን አናውቅም። ስለዚህ ስለ ዝናብና ስለ ሳል ብቻ ነበር የሚወራው።

ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። አውቀዋለሁ። የመስቃን ሰው ነው፤ ቡታጅራ ገበያ ዳር ሱቅ ነበረው፤ ለበቅሎ ልጓምና መጫኛ በቆዳ መኪና ይሰፋል። እሱም አወቀኝ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለኝ። «አንተንም አመጡህ?»

«አመጡኝ ጋሼ። መኪናዎስ?»

«እሷንም ወሰዷት» አለኝ።

ያቺን መኪና ከመንገድ ላይ በድምፅ ብቻ ነበር የማውቃት። በሱቁ በር ባለፍኩ ቁጥር ስታነክስ እሰማታለሁ። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ ትልና አንዷን ትሰርቃለች። አንድ ጊዜ ገብቼ፣ «ጋሼ፣ ይህችን መኪና ግማሽ ቀን ይስጡኝ፤ እንደ አዲስ አደርጋታለሁ» ብዬ ብጠይቀው፣ «ተዋት፤ እኔና እሷ ተላምደናል» ብሎ መለሰኝ። በእኔ ዕድሜ ሥራዬን እንቢ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ተቀይሜው ነበር።

በሦስተኛው ጠዋት ስሜን ጠሩ። ግቢው ማዶ፣ የጦሩ የበቅሎ ኮርቻ ወደሚታደስበት ዳስ ወሰዱኝ። ዳሱ ከመጋዘናችን ብዙ አይርቅም፤ መካከላቸው ያለው እስረኞች ፀሐይ የሚሞቁበት ሜዳ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሽማግሌው መኪና ተቀምጣለች። አጠገቧ አንድ ዝናር ተጋድሟል፤ አንድ ጎኑ በደረቀ ደም ጠቁሯል። የጦሩ አዛዥ የሆነ ጣሊያናዊ ካፒቴን ከአስተርጓሚው ጋር ቆሟል። ኮርቻ ሰፊው ሳጅን፣ ክንዱ ወፍራም፣ ጣቱ በወስፌ የጠነከረ ሰው፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ያ ሰው ሥራ ያውቅ ነበር። እጁን ሳየው ገባኝ፤ ስለዚህም ፈራሁት።

ካፒቴኑ ተናገረ፣ አስተርጓሚው ተቀበለ።

«ይህ ዝናር ከሞተ ሽፍታ ወገብ የተፈታ ነው። መኪናዋ የሽማግሌው ነች። ስትመጣ ከበቅሎ ወድቃ መርፌዋ ተሰበረ። ወታደሮቹ ሌላ መርፌ ቢከቱላትም ሦስት አራት እየሰፋች ክሩን ትበጥሳለች። አንተ ትሠራታለህ። ከዚያ አንድ ጠፍር ትሰፋለች፤ ጠፍሩን ከዝናሩ ጎን እናስቀምጠዋለን። ስፌቱ አንድ ከሆነ ሽማግሌው በገበያው ቀን ይሰቀላል። መኪናዋን ካበላሸህ ወይም ካልሠራሃት አንተም ከጎኑ ነህ።»

ካፒቴኑ ወጣ። ዝናሩን አየሁት። ማነከሷ እዚያው ነበር። ከጥቂት ረጃጅም ስፌት በኋላ አንድ አጭር፣ እንደገና ረጃጅም፣ እንደገና አጭር። ቆዳውን የምትገፋው እግሯ በተራመደች ጊዜ የተንሸራተተችበት ቦታ ሁሉ ቆዳው ላይ ተጽፏል። ሽማግሌው ያን ዝናር እንደሰፋው ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ጠፍሩ ከጎኑ ሲቀመጥ ግን ዓይን ያለው ሁሉ ያውቃል። እስከዚያ ድረስ ያልታወቀው ክሩ በየአራት ስፌቱ ስለሚበጠስ ነው። ለማነከስ እንኳ ጊዜ አልሰጣትም።

ከዚያ መኪናዋን አየሁ። ክሩን የሚበጥሰውን ነገር ለማወቅ ቁጭ ማለት እንኳ አላስፈለገኝም። መርፌው ተገልብጦ ነበር የገባው። የመኪና መርፌ በአንድ ጎኑ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጭን ቦይ አለው። ክሩ እዚያ ውስጥ ተኝቶ ቆዳውን ያልፋል። መርፌው ከተገለበጠ ክሩ መጠለያ ያጣና ከቆዳው ጋር እየተፋተገ ይበጠሳል። ሳጅኑ ያላየው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የእሱ መኪናዎች የሌላ ዓይነት ናቸው፤ በእነሱ ላይ ቦዩ በዚያው በኩል ነው የሚዞረው። ለእሱ ዓይን መርፌው ትክክል ነበር።

መርፌውን ባዞረው መኪናዋ ያን ጊዜውኑ ትሰፋለች። ስትሰፋም ታነክሳለች። ሰውየው ይሰቀላል።

ስለዚህ መርፌውን ሳልነካ መጀመሪያ ማነከሷን ማዳን ነበረብኝ። ያ ሁሉ ደግሞ ሥራ በሚያውቅ ሰው ፊት፣ የቀረበውን እያለፍኩ የራቀውን እየፈለግኩ መሆን አለበት። ሕይወቴን በሙሉ በሽታን በመጀመሪያ እይታ በመናገር የታወቅኩ ሰው ነኝ።

መዘውሩን ቀስ ብዬ አዞርኩ። ክሩ ተበጠሰ። ሳጅኑ አንድ ነገር አለ።

«የታችኛው ክር ጠብቆ ይሆናል ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«ይሞክረው» አልኩ።

ሳጅኑ ራሱ ካቻቢቴውን አንስቶ የታችኛውን ክር አላላ። አዞረ። ተበጠሰ። ዘይት አጠጣት። ተበጠሰ። እኔ ጎንበስ ብዬ የእግሯን ማያያዣ በጣቴ ነቀነቅኩት። እግሯን ከክንዷ ጋር የምታገናኘው አንዲት ትንሽ ካስማ ናት፤ በብዙ ዓመት ሥራ ቀጥናለች፣ ቀዳዳዋም ሰፍቷል። የማነከሷ ምክንያት እሷ ነበረች።

«በሽታው እዚህ ነው» አልኩ። «እግሯ ላልቷል። ቆዳውን ስትገፋ ትወዛወዛለች፤ ክሩን የሚቆርጠው ውዝዋዜው ነው።»

ውሸት ነበር፤ ግን ጥሩ ውሸት ነበር። ሳጅኑ ተነስቶ እግሯን በራሱ ጣት ነቀነቃት። በእርግጥም ትወዛወዛለች። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረገ። ዝናሩን ከጠረጴዛው አነሳና በአውራ ጣቱ ጥፍር ስፌቱን እየተከተለ ወረደ። ረጅም፣ ረጅም፣ ረጅም። አጭሯ ላይ ሲደርስ ጥፍሩ ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ፣ እንደገና እዚያው ቆመ። ከዚያ የላላችውን እግር አየ።

አንድ ትንፋሽ ቢያስብ ኖሮ አልቆልን ነበር። እንዲያስብ አልፈቀድኩለትም። አፌን ከፈትኩ። ይህን አፌን ብዙ ሰው ይጠላዋል፤ ያን ቀን ግን ጠቀመኝ።

«ንገረው» አልኩት አስተርጓሚውን፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «እኔ ነጭ የተዋቸውን መኪናዎች ያስነሳሁ ሰው ነኝ። እሱ እዚህ ቁጭ ብሎ አንድ ክር ማስቀጠል አቅቶታል። አሁን ከብርሃኔ ዞር ይበልና እጄን ይይ፤ የሚማረው አለው።»

«ይህን ልንገረው?» አለ አስተርጓሚው።

«እንዳለ ንገረው።»

ነገረው። የሳጅኑ ፊት ቀላ። ዝናሩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ በጥፊ መታኝ፤ ጆሮዬ ጮኸ። ከዚያ በጣቱ ወደ መኪናዋ አመለከተ። ሥራ ማለቱ ነው። ጥፊው ዋጋ ነበረው፤ ስፌቱን ረሳው።

ካስማዋን ነቅዬ አወጣሁ። የዳሱ መሬት ላይ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ ወድቋል። አንዱን አንስቼ ከአፉ በኩል ቀጭን የነሐስ ልጥ በፒንሳ ቆረጥኩ፣ ካስማዋ ላይ ጠቅልዬ በሞረድ አለሰለስኩት። ቢጠብቅ እግሯ አትራመድም፤ ቢላላ ታነክሳለች። ሳጅኑ ከራሴ በላይ ቆሞ ይተነፍሳል። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ በዚያ ሥራ የሚንቀጠቀጥ እጅ አይሠራም። ካስማዋን መልሼ ስገፋት በዘይት ላይ እንዳለ ቢላ ገባች።

አሁን መዳኗን ማወቅ ነበረብኝ። በመርፌ ብሞክራትና ድና ባትገኝ፣ ቆዳው ላይ የሚቀረው ቀዳዳ ራሱ ይናገራል። «መርፌው መንገድ ዘጋብኝ» ብዬ ነቀልኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መኪናዋን ያለ መርፌ ቁራጭ ቆዳ ላይ አስኬድኳት። የእግሯ ጥርስ ቆዳው ላይ ትንንሽ ጭረት ትቶ ሄደ። ጭረቱን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩ። እኩል ነበር። ከዳር እስከ ዳር እኩል። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ያ ይበልጣል፤ ደስታዬን ግን ፊቴ ላይ ማውጣት አልቻልኩም።

ከዚያ መርፌውን አነሳሁ። እያወቅኩ፣ በተገለበጠው ጎኑ መልሼ ከተትኩት።

ለምን በትክክሉ እንዳልከተትኩት ግልጽ ላድርግ። እኔው መርፌውን አዙሬ መኪናዋ ብትሰፋ፣ ሳጅኑ ወዲያው ይጠይቃል፤ በሽታው መርፌው ከነበረ እግሯን ለምን ነካህ? አዋቂ ሰው ያለ ምክንያት ካስማ አይነቅልም። ያለ ምክንያት የሚነቅለው ደንቆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ ደንቆሮ መሆን ነበረብኝ። መርፌውንም ሌላ ሰው ሊያገኘው ይገባል።

ካፒቴኑ ሲመለስ ክሩ በዓይኑ ፊት ተበጠሰ። አንድ ነገር አለ።

«ገመዱ ለሁለት ሰው ይበቃል ይላል» አለ አስተርጓሚው።

መርፌውን ነቀልኩ። በመዳፌ ላይ ቦዩን ወደ ላይ አድርጌ አስተኛሁትና፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ ለሳጅኑ አቀረብኩለት።

«መርፌው ደንዞ ይሆን? ጌታው ይዩልኝ። እኔ አልታየኝም።»

በዕድሜዬ ማንንም ይዩልኝ ብዬ አላውቅም ነበር። ሳጅኑ መርፌውን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሳው። በጥፍሩ ዳሰሰው። መኪናዋን አየ፣ ክሩ የሚገባበትን ጎን አየ፣ መርፌውን አየ። ከዚያ ሳቀ። ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። ለካፒቴኑ አሳየው። ካፒቴኑም ሳቀ። አስተርጓሚው ማጅራቴን በመዳፉ ጠፍ አድርጎ፣ «አንተ ሐኪም፤ በሽተኛውን አናቱን ወደ ታች ሰቅለህ ነው እግሩን ስታክም የዋልከው» አለኝ።

ሳጅኑ መርፌውን አዙሮ ከተተና ጠፍር አስገብቶ ሰፋ። መኪናዋ ሄደች። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ። አንድም አልሰረቀችም። ድምፁ ከዳሱ ወጥቶ በሜዳው ላይ ሄደ። ጠፍሩን ከዝናሩ ጎን አስቀመጡት። ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። የዝናሩ ያነክሳል፣ የጠፍሩ ቀጥ ብሏል። ሳጅኑ በጥፍሩ ሁለቱንም ተከትሎ ወረደና ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ከዚያ ዓይኑ ካስማዋ ላይ ወደምታበራው ነሐስ ተመለሰ። ሳቁን አቆመ።

«ይህን ለምን ነካህ ይልሃል» አለ አስተርጓሚው።

«ክሩን የሚበጥሰው እሱ መስሎኝ ነዋ» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

ሲተረጎምለት እንደገና ሳቀ። ከመጀመሪያው ይበልጥ ሳቀ።

ካፒቴኑ ግን የሰውየው አንገት ስላመለጠው ተናዶ ነበር። እስረኞቹ ፀሐይ ወደሚሞቁበት ሜዳ አስወጣኝ። ሁሉም ነበሩ፤ ሽማግሌውም ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ሁልጊዜ ስለ ሙያህ እንደምታወራ ሰምቷል» አለ አስተርጓሚው። «አሁን ሙያ እንደሌለህ ራስህ ንገራቸው ይላል።»

ጆሮ የሆነው ሰውም እዚያው መካከላቸው ቆሞ ነበር፤ እሱም መስማት ነበረበት። ቀና ብዬ ቆምኩ። ልብሴ ዘይት በዘይት ነው። ድምፄን ጮክ አድርጌ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ሙያ የለኝም» አልኩ። «መርፌ ተገልብጦ ሳለ አላወቅኩም።»

ከዚያ ሽማግሌው ከት ብሎ ሳቀ።

«ወላሂ፣ መኪናዎን ልሥራልዎ ብሎ ሱቄ ድረስ የመጣው ይሄው ነው» አለ። «እንኳንም እንቢ አልኩት። ቢነካት ኖሮ እስካሁን እንቁላል ትጥልልኝ ነበር።»

ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ታስረን ከገባን ጀምሮ እንዲያ ሲሳቅ አልሰማሁም። ዘበኞቹ ሳቁ። አስተርጓሚው ለካፒቴኑ ሲነግረው እሱም ፈገግ ብሎ ሄደ። እኔ ፀሐዩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ማጅራቴ ይነድዳል።

ከሰዓት በኋላ ለሽማግሌው ከቤቱ ቆጮ መጣለት። ለሁለት ቆርሶ ትልቁን በቀኝ እጁ ሰጠኝ። ሌሎቹ በምግባቸው ተጠምደው ሳለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አሁን አታነክስም» አለኝ። «ከዚህ ሆኜ ሰማኋት።»

ፊቱን አዙሮ ድርሻውን በላ።

ክረምቱ ሳያልቅ ለቀቁት። መኪናዋን ግን አልመለሱለትም፤ ሳጅኑ ወደዳት። እኔን ለመንገድ ሥራ ወደ ወልቂጤ ወሰዱኝና ብዙ ድንጋይ ተሸከምኩ። ሽማግሌው ነፃነትን ሳያይ በሳል ሞተ ብለው ነገሩኝ። በቤቱ፣ በአልጋው ላይ፣ ልጆቹ ዙሪያውን ከብበውት ነው የሞተው። ከዚያ ዝናር ጋር ያገናኘው ሰው ሳይኖር ሞተ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ይህን ታሪክ ለሁሉም ነገርኩ። በዚያ ሜዳ አብረውኝ ለነበሩትም ነገርኩ። ማንም አላመነኝም። የሚመሰክርልኝ አንድ ሰው ነበረ፣ እሱም የለም። መርፌ ተገልብጦ ያላወቀው ሰውዬ ተብዬ ቀረሁ። ዛሬም ቡታጅራ ገበያ ስገባ ቆዳ የሚሰፉ ወጣቶች ይጠሩኝና፣ «አባባ፣ የዚህ መርፌ ፊቱ የቱ ነው?» ይሉኛል። አሳያቸዋለሁ። ስንት መኪና እንዳስነሳሁላቸው ያውቃሉ፤ ግን ያቺን ቀን ይወዷታል።

አንዳንድ ጊዜ ቁም ነገር ሲያምራቸው ስለ እስር ቤቱ ይጠይቁኛል። ከሁሉ የከፋው ምን ነበር ይሉኛል፤ ረሃቡ ነው፣ ብርዱ ነው፣ ጅራፉ ነው? አይደለም እላቸዋለሁ። ያን መርፌ በሁለት እጄ ይዤ ይዩልኝ ማለቱ ነው። ይስቃሉ። እንደ ልማዴ የምቀልድ ይመስላቸዋል፤ እኔም ወደ መኪናቸው አጎነብሳለሁ።